ጠባቂ በሌለው የተራራ ማረፊያ እንዴት ይታደራል?

ቀጨኔ ላይ ያደገ ሰው ዳገት አይፈራም። ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ ብቻውን እግር ያጠነክራል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ እንጦጦ ከነጭጋጉና ከነብርዱ አለ። ቅዳሜ ማለዳ እንጦጦን ወጥቶ መውረድ የለመደ የሰፈር ቡድን ውሎ አድሮ ስሜን ተራሮችን ማሰቡ አይቀርም። መንገዱን ይችለዋል። የሚፈትነው ሌሊቱ ነው።

በአገራችን መንገደኛ ሲመሽበት አንድ ደጃፍ ላይ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይል ነበር። ባለቤቱ እሳት ያነዳል፣ እግር ያጥባል፣ ያለውን ያቀርባል፣ መደብ ይለቅቃል። ጠባቂ በሌለው የተራራ ማረፊያ ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው የለም። አስተናጋጁም እንግዳውም እርስዎ ነዎት። ይህ መመሪያ ከዝግጅቱ እስከ ማግሥቱ ጠዋት ድረስ ምን ምን ማድረግ እንደሚገባ በቅደም ተከተል ያስረዳል።

1. የሚያድሩበትን ቦታ አስቀድመው ይወቁ

በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተጓዦች በብዛት የሚያድሩባቸው ቦታዎች ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ ናቸው። ሳንቃበር ከባሕር ጠለል በላይ 3,250 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ግጭና ጨነቅ ደግሞ 3,600 ሜትር አካባቢ ናቸው። ወደ ራስ ደጀን የሚቀጥል ሰው የቧሂትን ማለፊያ ተሻግሮ አምቢቆ ያድራል። እነዚህ ቦታዎች ሎጅ አይደሉም። ድንኳን መትከያ ሜዳ፣ ማብሰያና መጠለያ ጎጆ እንዲሁም መጸዳጃ ቢያገኙ ነው። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ምግብና መብራት ይዘው የሚሄዱት እርስዎ ነዎት። ጎጆው ቀድሞ በደረሰ ቡድን ሊያዝ ስለሚችል ድንኳን ሳይዙ አይነሡ።

ግጭ ላይ አንድ ነገር ያስታውሱ። ቀድሞ በአቅራቢያው የግጭ መንደር ነበር፤ ነዋሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ስለዚህ ዛሬ እዚያ አምባ ላይ የቸገረው ሰው አንኳኩቶ የሚገባበት ጎረቤት አያገኝም።

የጉዞ ምዝገባው የሚፈጸመው ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በደባርቅ፣ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ ጥበቃ አጃቢ፣ መጓዝ አይፈቀድም። መንገድ መሪና ባለ በቅሎም እዚያው ይያዛሉ። ከመነሣትዎ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ መንገዱ ሰላም ነው? በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ባለው ግጭት የተነሣ የጸጥታው ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል። ባለፈው ወር ደርሶ የመጣ ሰው የነገረዎት አይበቃም። በጉዞው ሳምንት ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ወደ አካባቢው አስጎብኚዎች ይደውሉ። መልሱ ካላረጋጋዎት ጉዞውን ያቆዩት፤ ተራራው የትም አይሄድም።

ወቅቱንም ይምረጡ። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናብና ጭጋግ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ሰማዩ ጠርቶ ምድሩ ገና አረንጓዴ የሆነበት ጊዜ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ያያሉ።

2. ሰውነትዎን እዚሁ ቀጨኔ ያዘጋጁ

ቀጨኔ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሰፈር በመሆኑ ከባሕር ዳርቻ ከመጣ ተጓዥ ይልቅ ሳንባዎ ከፍታን ለምዷል። የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሳንቃበርን ይተካከላል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ባሉት ሳምንታት በጉዞው ቀን የሚሸከሙትን ያህል ክብደት ተሸክመው ይውጡ። በባዶ እጅ ወጥቶ መውረድና 12 ኪሎ ተሸክሞ መውጣት አንድ አይደሉም። ጫካው ውስጥ ብቻዎን አይሂዱ፤ በቡድን ሆነው በብርሃን ይውጡ፣ በብርሃን ይውረዱ።

አረማመዱን ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ከሚወርዱት እናቶች ይማሩ። እርምጃቸው አጭር ነው፣ አይቸኩሉም፣ በየመሐሉ ሸክሙን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ትንፋሽ ይሰበስባሉ። ተራራ ላይም የሚያደርሰው እንዲህ ያለው አካሄድ ነው።

ሌሊቱንም ይለማመዱት። በታኅሣሥ ወይም በጥር አንድ ምሽት ግቢዎ ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ፣ ለጉዞው ባዘጋጁት ዕቃ ብቻ ይደሩ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ብርዱ ከቀሰቀሰዎት የጎደለውን ዕቃ ቤትዎ አጠገብ ሆነው ለዩት ማለት ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ቀጨኔ ላይ የበረደው ሰው ጨነቅ ላይ ምን እንደሚጠብቀው ከዚህ ይገምት።

3. ልብስና መኝታ፦ ደረቅ የሆነው ያሞቃል

ጋቢ ደረቅ ሲሆን ከወዳጅ ይበልጣል። ነገር ግን ጥጥ ነው፤ ከራሰ አያሞቅም፣ ተራራ ላይ ደግሞ ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ ጋቢዎን በላስቲክ ጠቅልለው ለመኝታ ብቻ ያስቀምጡት፤ መንገድ ላይ አይልበሱት። ለመንገድ የሱፍ ሹራብ፣ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ቆብና ጓንት ይያዙ። ሱፍ ቢርስም ሙቀቱን ሙሉ በሙሉ አይለቅም። የመንዝ ሰዎች ከበግ ጠጉር በርኖስና ባና የሚሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኑሯቸው ከፍታ ላይ ነው። ባና የማግኘት ዕድል ካለዎት ክብደቱን በበቅሎ አስጭነው ይውሰዱት።

የመኝታ ከረጢት ሲገዙ ወይም ሲከራዩ የሚችለውን ዝቅተኛ ሙቀት ይጠይቁ፤ ከዜሮ በታች የሚችል መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ የሚረሳው ግን ከሥር የሚነጠፈው ነው። ሌሊት ላይ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት መሬቱ ነው። የተኛንበት የከረጢቱ ክፍል በክብደታችን ስለሚጨፈለቅ አየር አይዝም፤ ስለዚህ ከሥር ስፖንጅ ያስፈልጋል። መሬቱ ላይ መጀመሪያ ላስቲክ፣ ቀጥሎ ጆንያ ወይም ካርቶን፣ ከዚያ ስፖንጁን ያንጥፉ። ባዶውን ሻንጣ ከእግርዎ ሥር ያድርጉት።

የራስ ባትሪ፣ ትርፍ የባትሪ ድንጋይ፣ ፊሽካ፣ ገመድ፣ ክብሪት በላስቲክ፣ የራስ ምታትና የተቅማጥ መድኃኒት እንዲሁም የቁስል ማሸጊያ ይጨምሩ። አብሮዎት የሚሄደው ስካውትና ባለ በቅሎው ለሌሊቱ ምን እንደያዙ ደባርቅ ላይ ሳሉ ይጠይቁ። ነጠላ ጋቢ ብቻ የያዘ ሰው ካለ ትርፍ ብርድ ልብስ ይከራዩለት። የእነሱንም ስንቅ ከእርስዎ ጋር አብረው ያስቡ። ጥበቃቸውን የሚሹ ከሆነ ብርዳቸውም ይመለከተዎታል።

4. ስንቅ፦ እሳት ባይኖርስ?

ስንቅ ሲያዘጋጁ ጥያቄው «ምን እንበላለን?» ብቻ አይሁን። «እሳት ባናገኝ ምን እንበላለን?» ብለውም ይጠይቁ። መልሱ በየቤታችን አለ፦ በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ማር። በሶ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፤ በማር ወይም በስኳር ሲሆን ለደከመ ሰው ቶሎ ኃይል ይሰጣል። አባቶቻችን ለዘመቻም ለንግድም ርቀው ሲሄዱ የያዙት ይህንኑ ነበር።

ለማብሰል ካሰቡ ቶሎ የሚደርስ ነገር ይምረጡ። 3,600 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። እሳቱን ቢጨምሩ ከዚያ በላይ አይሞቅም። በዚህ ምክንያት ባቄላና ክክ ነዳጅ ጨርሰው ሳይበስሉ ይቀራሉ። ሽሮ፣ አጃ፣ ፓስታና ሾርባ ግን ይሆናሉ።

ውኃውን ምንጭ ነው ብለው ሳያክሙ አይጠጡ፤ ከላይ ከብትና በቅሎ ይውላል። ከ2,000 ሜትር በላይ ውኃ መንፈላፈል ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ ያህል እሳት ላይ ይቆይ። ወይም ውኃ አጋር የሚባለውን የውኃ ማከሚያ ጨምረው በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን መሠረት 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ውኃው ከደፈረሰ መጀመሪያ በንጹሕ ነጠላ ያጥልሉት።

5. እንደ ደረሱ፦ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት

ከቀኑ 9 ሰዓት ሳያልፍ ለመድረስ ጉዞዎን ያቅዱ። ስሜን ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ቀስ ብሎ አይመጣም፤ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። እንደ ደረሱ ድካሙ «ትንሽ ልጋደም» ያሰኛል። አይጋደሙ። በላብ የራሰውን ልብስ ወዲያው ይቀይሩ፣ ከዚያ ይህን ተራ ይከተሉ፦

መጀመሪያ ጎጆውን በዙሪያው ይመልከቱ፦ ጣሪያው ያፈስሳል? ግድግዳው ተሰንጥቋል? በሩ ከውስጥም ከውጭም ይከፈታል? ነፋሱ ከየት ነው? የሚተኙበትን ጥግ ከበሩ ትይዩ ያርቁት።

ቀጥሎ ወለሉን ይጥረጉ። በቅሎና ሰው በተፈራረቁበት ጎጆ ቁንጫ አይጠፋም፤ አሮጌ ሣር ወይም ጨርቅ ተነጥፎ ካገኙ አውጥተው ያራግፉት፤ ላስቲክዎንም ሳያነጥፉ ዕቃ አያስቀምጡ።

ከዚያ ውኃ ይቅዱ። ለምሽቱ፣ ለሌሊቱና ለጠዋት የሚበቃውን በብርሃን ያስገቡ፤ ሌሊት ውጭ ያደረ ውኃ በረዶ ሊሆን ይችላል።

አራተኛው፣ የመጸዳጃውን መንገድ በብርሃን አንድ ጊዜ ሄደው ይመለሱ። የስሜን አምባ ጠርዝ ድንገት ያልቃል፤ ከሥሩ በመቶዎች ሜትሮች የሚቆጠር ገደል ነው። ሌሊት በጭጋግ ውስጥ አቅጣጫ የጠፋበት ሰው እንዳይኖር ከበሩ እስከ መጸዳጃው ገመድ ይዘርጉ ወይም ነጫጭ ድንጋይ በመስመር ያስቀምጡ።

በመጨረሻ ምግቡን ይስቀሉ። ቁራ ቀን፣ አይጥ ሌሊት ይመጣሉ። ስንቁን ክዳን ባለው ዕቃ አድርገው ከጣሪያው ማገር ላይ በገመድ ያንጠልጥሉ። ለጭላዳም ሆነ ለወፍ ምግብ አይስጡ፤ የለመደ እንስሳ ለሚቀጥለው ተጓዥ ችግር ይሆናል።

6. ከሰል ወደ ጎጆው አይግባ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውሱ ከሆነ ይህን ያስታውሱ።

የቀጨኔ እናቶች የሚሠሩት የሸክላ ምድጃ በከተማው ስንት ቤት ቡና ያፈላል፣ ወጥ ያሠራል። እኛም ምድጃ ዙሪያ ስላደግን ፍም ያለበት ክፍል ሙቀትና ጨዋታ ሆኖ ይታየናል። ለዚህ ነው የበረደው ሰው ማታ በሩን ዘግቶ፣ ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፎ፣ ፍሙን መሐል አድርጎ የሚተኛው። አዲስ አበባ ውስጥ በከሰል ጭስ ታፍነው የሞቱ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ የለም።

የሚገድለው የሚታየው ጭስ አይደለም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስነጥስም። ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ፍሙ በደንብ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ ሰው «አሁን ደኅና ነው» ይላል፤ ጋዙ ግን ያን ጊዜም እየወጣ ነው። ተራራ ላይ ደግሞ አደጋው ይብሳል፤ 3,600 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ስለሆነ ሰውነት ከመነሻው የሚያገኘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው ደግሞ ምልክቱ ነው። የከሰል መመረዝ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና ድካም ያመጣል። የከፍታ ሕመምም የሚጀምረው በእነዚሁ ነው። ስለዚህ ጎጆ ውስጥ እሳት ወይም ቡታ ጋዝ እየነደደ የአንድ ሰው ራስ እንኳ ቢያመው «ከፍታው ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ሁሉም ሰው ወዲያው ይውጣ፣ በሩ ይከፈት፣ እሳቱ ይውጣ። በተለይ ሁለት ሦስት ሰው አንድ ላይ ከታመመ የከሰሉን ጋዝ ይጠርጥሩ። የተኛው ሰው ተቀስቅሶ የማይነቃ ከሆነ ተሸክመው ያውጡት፤ ጠዋት እስኪደርስ አይጠብቁ።

ደንቡ አጭር ነው፦ ምግብ የሚበስለው ደጅ ወይም በሩ ወለል ብሎ በተከፈተ ማብሰያ ቤት ነው። መኝታ ወደሚሆነው ክፍል ፍም፣ ከሰልና የሚነድ ቡታ ጋዝ አይገባም። ስካውቱም ሆነ ባለ በቅሎው ማብሰያ ጎጆው ውስጥ የሚተኛ ከሆነ እሳቱ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱን እርስዎ ሄደው ይዩ።

ሙቀት ሲያስፈልግ ሌላ መንገድ አለ። ከመተኛትዎ በፊት ትኩስና ጣፋጭ ነገር ይጠጡ። ውኃ አሙቀው ክዳኑ በሚገባ በሚዘጋ ጠንካራ ዕቃ አድርገው፣ በካልሲ ጠቅልለው ከእግርዎ አጠገብ ያስተኙት። ተራ የሃይላንድ ፕላስቲክ ፈልቶ የወረደ ውኃ ሲገባበት ይኮማተራል፣ ያፈስሳልም፤ ለዚህ አይሆንም።

ለማገዶ አስታ አይቁረጡ። አስታ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ በፓርኩ ውስጥ እንጨት መቁረጥም ክልክል ነው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ስሜን ላይ የተነሣው ሰደድ እሳት ብዙ ሣርና አስታ በልቷል፤ ለማጥፋት ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መምጣት ነበረባቸው። በደረቅ ወራት ጓሳ ሣር ላይ የወደቀች አንዲት ፍም የምታደርሰውን ከዚያ አይተናል።

7. ሌሊቱ

ደረቅ ካልሲና ቆብ አድርገው ይተኙ። ለነገ የሚለብሱትን ልብስ ከረጢቱ ውስጥ ያስገቡ። ስልክዎን አጥፍተው ከደረትዎ አጠገብ ያኑሩት፤ ብርድ ባትሪውን ይጨርሰዋል። የራስ ባትሪው፣ ጫማውና ፊሽካው እጅዎ በሚደርስበት ይሁኑ። ሽንት ከመጣ አይያዙት፤ ይዘው ቢተኙ እንቅልፍ ማጣቱ ይብሳል። ሲወጡ ጓደኛዎን ቀስቅሰው ይንገሩ።

የአየር ማስገቢያውን ሙሉ በሙሉ አይድፈኑ። እሳት ባይኖርም ብዙ ሰው የተኛበት ዝግ ክፍል ይታፈናል፤ ከሰው ትንፋሽ የሚወጣው እርጥበትም መኝታውን ያረጥባል።

ከፍታው በመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ ሊነሣ፣ ቀላል ራስ ምታትም ሊያመጣ ይችላል። ሕመሙ ካለ በማግሥቱ ወደ ላይ አይቀጥሉ፤ እዚያው ይረፉ። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታን በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር በዓለም የታወቀ ደንብ ነው። ከሳንቃበር ወደ ግጭ ያለው ልዩነት በዚህ ውስጥ ነው፤ ከደባርቅ በመኪና በቀጥታ ጨነቅ ሄዶ ማደር ግን ደንቡን ያልፋል።

ሦስት ምልክቶች ግን ጠዋት አይጠብቁም፦ ሰው እንደ ሰከረ መንገዳገድ ከጀመረ፣ ተቀምጦ እያረፈ ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም አረፋ የቀላቀለ ወይም ሮዝ አክታ ካሳለ። መድኃኒቱ መውረድ ነው። በባትሪ፣ በበቅሎ፣ በስካውቱ መሪነት፣ ሌሊትም ቢሆን ይውረድ።

8. ጠዋት፦ ቤቱን ለሚቀጥለው ያስረክቡ

በአልፕስ ተራሮች ላይ ቢቫኮ የሚባሉ፣ ጠባቂ የሌላቸው ጥቃቅን ማረፊያዎች አሉ። በስኮትላንድ ደግሞ ቦዚ የሚባሉ አሮጌ የእረኛ ቤቶች ተጠግነው ለመንገደኛ ክፍት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ይንከባከባቸዋል። የሚያድርባቸው ሰው ሂሳብ የሚከፍልበት መስኮት የለም። ሂሳቡ ቤቱን ካገኘው ይበልጥ አጽድቶ መሄድ ነው። እኛም ይህን ማድረግ አይከብደንም።

ከመውጣትዎ በፊት ወለሉን ይጥረጉ። አመዱን ውኃ አፍስሰው በእጅዎ ነክተው መቀዝቀዙን ሳያረጋግጡ አይተዉት። ፕላስቲክ፣ ጣሳና የባትሪ ድንጋይ በጆንያ አድርገው ወደ ደባርቅ ይመልሱ፤ መቅበርም ማቃጠልም አይሁን። «ለሚመጣው ይጠቅማል» ብለው የተረፈ ምግብ አይተዉ፤ ቀድሞ የሚደርስበት አይጥ ነው። መጸዳጃ በሌለበት ቦታ ከውኃ ቢያንስ 60 ሜትር ርቀው ቆፍረው ይጠቀሙ፣ አፈር ይመልሱበት። በሩን ነፋስ እንዳይከፍተው አጥብቀው ይዝጉ፤ ግን አይቆልፉ። ጣሪያ ወይም በር ተበላሽቶ ካገኙ ደባርቅ ሲመለሱ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይንገሩ።

ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆይቶ ወጥቷል። ዋልያና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ቦታ እንደገና እንዳይጎዳ ከሚያደርጉት አንዱ እዚያ ሲያድሩ የሚያሳዩት ጠባይ ነው።

የቀጨኔና የጉለሌ የጉዞ ቡድኖች፣ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ከመነሣታችሁ በፊት አንድ ምሽት ተሰብሰቡና ይህን መመሪያ በጋራ አንብቡት፤ ከመካከላችሁም አንድ ሰው ሌሊቱን እሳት መጥፋቱን የሚቆጣጠር አድርጋችሁ ምረጡ። የተመረጠው ሰው ቃሉ ይከበር፤ ከእሱ ፈቃድ በፊት ማንም በር ዘግቶ አይተኛ።